አዎ አላልኩም

ውድ አጎቴ፣

«ውድ» ማለቴ ደብዳቤ እንዲህ ስለሚጀመር ብቻ ነው፤ ሌላ ትርጉም አይስጡት። አንቱ የምልዎትም እናታችን «ታላቅን አክብሩ» እያለች ስላሳደገችን ነው። ለእሷ ስል እንጂ ለእርስዎ ብዬ አይደለም።

ትናንት ባለቤትዎ የምሠራበት ጋራዥ ድረስ መጡ። ልባሱን ገፍፌ ያስቀመጥኩትን የመኪና ወንበር አቧራውን አራግፌ «ይቀመጡ» በሚል እጄን ብዘረጋ እምቢ አሉ። ወለሉ ዘይት የጠጣ ስለሆነ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው እንደ ቆሙ ነው ያናገሩኝ።

«እሱ እኮ እህል አልቀምስ ብሏል» አሉኝ። «ሰው ሁሉ ፊቱን አዞረበት። ቅዳሜ የመረዳጃ ማኅበሩ ይሰበሰባል፤ ብቅ በይና አንዲት ነገር ብቻ በያቸው። ‹ስናገር አፌ ስለሚያያዝ አሳስታችሁ ሰምታችሁኝ ነው› በይ። በቃ። ፎቶውም ግድግዳው ላይ ይመለሳል፣ አማቾቻችንም ይታረቁናል። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ነው የኔ ልጅ። ቂም ለማንም አይበጅም።»

ለእሳቸው መልስ አልሰጠሁም፤ መልእክቱ የእርስዎ ስለሆነ መልሱም የእርስዎ ነው። ዓይንዎን በጨው አጥበው ነው የላኩብኝ። አንድ ጊዜ በመንተባተቤ ተጠቅመው ወንድሜን ወሰዱብኝ። አሁን ደግሞ በዚያው በመንተባተቤ ተጠቅመው እንዳልወሰዱት ሊያስመስሉኝ ይፈልጋሉ።

ስለዚህ ከመጀመሪያው ልንገርዎት። ታሪኩን በራስዎ አፍ ሲያወሩት ስለኖሩ እኔ እንዴት እንደማወራው ከዳር እስከ ዳር ሰምተው አያውቁም። እንዲያውም እስከ ሽልማትዎ ቀን ድረስ ሙሉ ዓረፍተ ነገሬን ሰምተውኝ አያውቁም ነበር።

እናታችን ስትሞት እኔ ለአቅመ ሔዋን የደረስኩ፣ ወንድሜ ሹሜ ደግሞ ገና ጥርሱን የሚለውጥ ልጅ ነበር። ቤትዎ ወስደው አስጠለሉን፤ ይህን አልክድም። አልጋ ሰጡን፣ አበሉን፣ አለበሱን። ስለ ልብስ ካነሳን ደግሞ ልብስ ሰፊው ጋ የወሰዱኝን ቀን ያስታውሱታል? «ምን ዓይነት ቀለም ትወጃለሽ?» ብሎ ሰውየው እኔን ጠየቀኝ። «ወ… ወ…» አልኩ፤ ወይን ጠጅ ለማለት። እርስዎ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «ወርቃማ ነው የምትለው። አፏ ይያያዛል፤ አፏ እኔ ነኝ» አሉት። ያን ዓመት ሙሉ እንደ ዋንጫ እያብረቀረቅሁ ዞርኩ። ሰው ሁሉ «አጎትሽ እንዴት ያለ ደግ ሰው ነው!» ይለኝ ነበር። እኔ «ወይን ጠጅ ነበር የፈለግሁት» ብዬ እስክጨርስ ማን ቆሞ ይሰማኛል?

የሚሰማኝ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ሹሜ። ቃል ሲያንቀኝ ከፊቴ ይመጣና ከንፈሬን እያየ የራሱን አፍ ከፍቶ ይጠብቀኛል። አይቸኩልም፣ አይገምትም፣ አይረዳኝም። ቃሉ ሲወጣ ደግሞ እጁን አጨብጭቦ «መጣ!» ይላል፤ ከሩቅ አገር ዘመድ የመጣ ይመስል። በሕይወቴ ከእሱ ጋር እንዳወራሁት ከማንም ጋር አላወራሁም።

ሐኪሞቹ ዳውን ሲንድረም ይሉታል። እርስዎ ግን ያ ቃል ቤትዎ ውስጥ እንዲነሳ አይወዱም ነበር። «ያ ነገር» ነበር የሚሉት። እናቴ «ሹሜ» ያለችው ሁላችንንም እንደ ሎሌ ስለሚያዝዘን ነው። ለማንም አንቱ ማለት አይሆንለትም። ለእርስዎም «አንተ» ነው፣ ለሐኪሙም «አንተ» ነው፣ ዳኛ ፊት ቢቀርብ ለዳኛውም አይመለስም። ማዕድ ላይ «አንተ፣ ጨው አቀብለኝ» ሲልዎት ባለቤትዎ ሳቃቸውን በነጠላቸው ሲያፍኑ አይቻለሁ። እርስዎ ግን ስቀው አያውቁም።

እንግዳ ሲመጣ ጓዳ ይዘጋበታል። መጀመሪያ «እንዳይረብሽ» ነበር፤ ኋላ ምክንያት መስጠቱንም ተዉት። ለዚህ ነው ጋራዥ ሥራ ሳገኝ ይዤው መሄድ የጀመርኩት። የመኪና ወንበር ልባስ ለመቀየር መጀመሪያ አሮጌው መገፈፍ አለበት፤ አሮጌውን ለመግፈፍ ደግሞ ከሥሩ አንቀው የያዙት ትናንሽ ሽቦዎች አንድ በአንድ በፒንሳ መነቀል አለባቸው። ይህን ሥራ ሠራተኛው ሁሉ ይሸሸዋል። ሹሜ ግን እንደ ጨዋታ ነበር የሚነቅለው፤ ቆርቆሮ ውስጥ ሲጥለው የሚያሰማውን ድምፅ ስለሚወድ። የጋራዡ ባለቤት ምን ዓይነት ቁጡ ሰው እንደሆነ ያውቃሉ። እሱ እንኳ «ይሄ ልጅ ከናንተ ከምላሳሞቹ ይሻለኛል» ይል ነበር። ሹሜም «አንተ፣ አትጩህ» ይለዋል። ጋራዡ በሳቅ ይፈርሳል።

ከዚያ ልጅዎ ታጨች።

የእጮኛዋ ቤተሰቦች የታወቁ ሰዎች ነበሩ። ሊጠይቁን ይመጣሉ ተባለ። መጋረጃ ተቀየረ፣ ግድግዳ ተቀባ። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ከባለቤትዎ ጋር ሲነጋገሩ በር ላይ ቆሜ ሰማሁ። «በዘር የሚተላለፍ ነገር ነው ቢሉን ምን እንመልሳለን?» አሉ እርስዎ። «ልጄን በእሱ ምክንያት ሳታገባ አላስቀራትም።» ያኔ ገብቼ መናገር ነበረብኝ እንዳይሉኝ። ገብቼ ነበር። «አ… አጎቴ» ብዬ ስጀምር «አውቃለሁ ርግቤ፣ ደክሞሻል፣ ሂጂ አረፍ በይ» ብለው ሸኙኝ።

በማግስቱ ከማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮ አንዲት ሴት መጣች። ሳሎን ተቀመጥን። ሹሜ አዲሱን መጋረጃ እየጎተተ ይስቃል። እርስዎ ስለ እሱ ደኅንነት ሲናገሩ ስሰማ ለአንድ አፍታ እኔም ልታለል ነበር፤ አንደበት ሲባል አንደበት ነው የሰጠዎት። «ከከተማ ወጣ ብሎ የሚገኘው ማሳደጊያ ባለሙያ አለው፣ ነርስ አለው። እኛ ብንሳሳለትም አቅም የለንም። እህቱም ሥራ ውላ ነው የምትመጣው።» ሴትየዋ መልካም ሰው ትመስል ነበር። ወደ እኔ ዞረች።

«አንቺስ? ትስማሚያለሽ?»

«አ… አ… አ…»

አልስማማም ልላት ነው። ቃሉ ጉሮሮዬ ላይ ቆሟል። ሹሜ መጋረጃውን ለቆ ሊጠብቀኝ ወደ እኔ ሲመጣ እርስዎ ቀደሙት።

«አዎ እያለች ነው።»

ራሴን በኃይል ነቀነቅሁ። ሴትየዋ ግራ ተጋብታ አየችዎት። እርስዎም ድምፅዎን ዝቅ አድርገው «ስታዝን እንዲህ ያደርጋታል፤ ወንድሟ ነው፣ ይከብዳታል» አሏት። እሷም ሰዓቷን አየችና እስክሪብቶዋን አነሳች።

አንዲት ፊደል ነበረች፣ አጎቴ። «አዎ»ም የሚጀምረው በእሷ ነው፣ «አልስማማም»ም በእሷ ነው። የቀረውን እስክጨርስ ሁለት ትንፋሽ ቢታገሡኝ ኖሮ ወንድሜ ቤቱ ያድር ነበር። እርስዎ ደግሞ ምን ልል እንደሆነ ጠፍቶዎት አይደለም። ስለገባዎት ነው የቸኮሉት።

ቢሮው ሄጄ ነበር፤ ይህን አላወቁም። መስኮቱ ላይ የተቀመጠው ሰው ሁለት ቃል እስክናገር ትዕግሥቱ አልቆ «የሚናገርልሽ ሰው ይዘሽ ነይ» አለኝ። ወረቀት አውጥቼ ጻፍኩለት። አነበበና «አሳዳጊው አጎትሽ ናቸው፤ አቤቱታ ካለ እሳቸው ያቅርቡ» ብሎ መለሰልኝ። እርስዎን በእርስዎ በኩል እንድከስ ማለት ነው።

ማሳደጊያው ረጅም ኮሪደር ነው። ከግራና ከቀኝ አግዳሚ ወንበር ተደርድሯል፤ ሰዎቹ ቀኑን ሙሉ እዚያ ይቀመጣሉ። በቃ፣ ይቀመጣሉ። ክፋት አላየሁም፣ ዱላም አላየሁም። ማንም ምንም አይሠራም፤ ማንም ማንንም አይጠራም። ሹሜን መጀመሪያ የጠየቅሁት ጊዜ ፀጉሩን ላጭተውት የሌላ ሰው ሹራብ ለብሶ አገኘሁት። ሮጦ አቀፈኝ። «ሽቦስ?» አለኝ፤ ሥራው ናፍቆት። ከዚያ ስመላለስ ወራት አለፉ፣ ዓመት ተተካ። አንድ ቀን ላወራው ስጀምር ቃል ያዘኝ። እንደ ወትሮው አፉን ከፍቶ ይጠብቀኛል ብዬ ቀና ስል ወለሉን እያየ ነው። ቃሉ ወጣ። ምንም አላለም።

የጠላሁዎት ያን ቀን ነው። ከዚያ በፊት አዝኜብዎት ነበር፣ ተቀይሜዎት ነበር። ጥላቻ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ጠዋት ከእንቅልፍ ሲያነቁኝ የነበሩት ሁለት ነገሮች የሰዓቴ ደወልና እርስዎ ነበራችሁ።

ቤትዎን ለቅቄ ከጋራዡ ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። ስለ ልጅዎ ሠርግ አልናገርም፤ ደርሶ አለፈ። እርስዎም የመረዳጃ ማኅበሩ ሊቀመንበር ሆኑ፤ ሰፈሩ ውስጥ ያለ እርስዎ ንግግር ለቅሶም ደስታም አይሆንም ተባለ። ከዚያ ማኅበሩ ሊሸልምዎት መሆኑ ተሰማ፤ «የአቅመ ደካሞች አባት» በሚል። አበባ እንድሰጥዎት ተጠራሁ። የማሳደግዎ ምስክር ሆኜ ልታይልዎት!

እሺ አልኩ። አልዋሽዎትም፣ ተዘጋጅቼ ነው የመጣሁት። ለሳምንታት ምሳ ሰዓት ላይ፣ ልባስ የምቀይርላት መኪና ውስጥ ገብቼ መስኮቱን ዘግቼ ስለማመድ ነበር። እንዳልንተባተብ አልነበረም የምለማመደው፤ ያ የሚሆን ነገር አይደለም። እየተንተባተብኩ እንዳላቆም ነው የተለማመድኩት። የጋራዡ ባለቤት በመስታወቱ አሻግሮ አይቶኝ ምን እንደማደርግ ጠየቀኝ። ነገርኩት። መጀመሪያ አንገቱን አከከ። ቀጥሎ «እኔም እመጣለሁ» አለ።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። አማቾችዎ ከፊት ረድፍ ተቀምጠዋል። ፎቶዎ በትልቁ ተሰቅሏል። እርስዎም ሙሉ ልብስዎን ለብሰው ማይክራፎኑን ያዙና እጅዎን ወደ እኔ ዘረጉ።

«ይህችን የምታዩአትን፣ የሟች እህቴን አንዲት ልጅ፣ ከአብራኬ ክፋይ ሳልለይ አሳደግሁ። አንደበት ባትታደልም አንደበት ሆንኳት።»

አንዲት ልጅ አሉ። ወንድሜን ከቤትዎ አወጡት፤ ያ ሳያንስ ከእናቱ ማሕፀንም አወጡት። አማቾችዎ ስለሚሰሙ።

አበባውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ማይክራፎኑን ከእጅዎ ወሰድኩ።

«አ… አ… አ…»

«አመሰግናለሁ ልትል ነው!» አለ የመድረኩ መሪ። አዳራሹ አጨበጨበ። እርስዎም እጅዎን ደረትዎ ላይ አድርገው፣ ዝቅ ብለው፣ ያልሰጠሁዎትን ምስጋና ተቀበሉ። ጭብጨባው እስኪያልቅ ጠበቅሁ። እንደገና ጀመርኩ። «ደክሟታል፣ ተዉአት» ብለው ማይክራፎኑን ሊወስዱ ሞከሩ። እኔ ግን ቆዳ ሲወጥር የኖረ እጅ ነው ያለኝ። ማስለቀቅ እንዳልቻሉ ሲገባዎት ፈገግ አሉ፤ ሕዝብ ያያላ!

«አ… አ… አዎ አላልኩም።»

ከዚያ ሁሉ ሰው የገባው አንድም አልነበረም። እርስዎ ግን ገባዎት። ፊትዎ አመድ ሲመስል አየሁ፤ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ቀጠልኩ። ወንድም እንዳለኝ፣ ሳሎን ውስጥ ምን እንደተጠየቅሁ፣ ማን እንደመለሰልኝ፣ ሹሜ አሁን የት ኮሪደር ላይ እንደተቀመጠ። ሌላ ሰው በጥቂት ደቂቃ የሚጨርሰውን ስንት ጊዜ እንደወሰደብኝ አላውቅም። ወንበሮች ተንቋቁ፣ ሰዎች አሳላቸው። አንድም ሰው ግን አልወጣም። ወደ መጨረሻው ላይ ሳሉም ቆመ።

መጀመሪያ የተናገሩት የልጅዎ አማት ናቸው። «ቆይ… የትኛው ወንድሟ?» አሉና ወደ ልጅዎ ዞሩ። «አንቺ፣ የአክስትሽ ወንድ ልጅ አለ እንዴ?»

«አለ…» አለች ልጅዎ። «አባባ አዳሪ ትምህርት ቤት ገባ ነው ያለኝ።»

«ልጅቷ ጤና የላትም» አሉ እርስዎ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዎ እየተሰበረ። «የምትለውን አታውቅም! ማን በቅጡ ይሰማታል?»

ከኋላ የጋራዡ ባለቤት ተነሳ። መናገር አይችልበትም፤ መጮህ ነው የሚችለው። «ታዲያ ያኔ አዎ ማለቷን በምን አወቁ?» ሲል ጮኸ።

ምላስ የሚባል ነገር ከነበረዎት ያን ጊዜ ሊያገለግልዎት ይገባ ነበር። አፍዎ ተከፈተ፣ ተዘጋ፣ ተከፈተ። እኔ አልጨረስኩልዎትም።

የሆነውን ያውቁታል። የማኅበሩ ጸሐፊ ከነአባላቱ ቤትዎ መጥቶ ልጁ ይመለስ አለ። በአማቾችዎ ፊት እምቢ ማለት አልቻሉም፤ ፈረሙ። ልጅዎ ራሷ መኪና ይዛ መጥታ አብረን ሄድን። መንገዱን ሁሉ አለቀሰች። አላባበልኳትም፣ አልተቆጣኋትምም፤ መንዳቷን እንጂ ሌላ ነገር አልፈለግሁባትም ነበር። ፎቶዎ ከግድግዳው ወረደ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና ሰፈሩ ስለ እርስዎ ምን እንደሚል አይሰሙ ይሆናል። ብዙ ይላል።

ባለቤትዎ «አሁን እኮ ልጁ ተመልሶልሻል፣ ከዚህ በላይ ምን ትፈልጊያለሽ?» አሉኝ። ስለተመለሰው ልጅ ልንገርዎት። ውኃ ለመጠጣት ያስፈቅዳል። ካልታዘዘ ከወንበር አይነሳም። ትራሱ ሥር ቁራሽ ዳቦ ይደብቃል። ጋራዥ ወስጄ ፒንሳውን በእጁ ሳስይዘው «ልንቀል?» ብሎ ይጠይቃል፤ አንዱን ይነቅልና ለሁለተኛው እንደገና ይጠይቃል። የጋራዡ ባለቤት ይህን ሲያይ መኪና ሥር ገብቶ ቆየ። የሚጠገን መኪና አልነበረም።

እና አንቱ ይላል፣ አጎቴ። ለሁሉም አንቱ ነው የሚለው። ለጋራዡ ባለቤት፣ ለጎረቤት ሕፃን፣ ለእኔ። «እርስዎ፣ ልተኛ?» ይለኛል፣ እኔን እህቱን። እናቴ እሱን አንቱ ማስባል አቅቷት እየሳቀች ነው የሞተችው። እርስዎ አስተማሩት።

ይህን የሚመልስልኝ የትኛው እርቅ ነው? ሰው ሁሉ ይቅር ማለት ያስከብራል ይለኛል። ይሁን፤ ክብሩ ለሚፈልገው ይሁንለት። እኔ ሆድ ይፍጀው ብዬ የኖርኩት ይበቃኛል። ወንድሜ አንቱ ባለኝ ቁጥር እርስዎን እንደገና አዳራሹ መሐል አቆምዎታለሁ፤ በሐሳቤ ሳይሆን በእውነት። እንዴት እንደማደርገው ይኸው።

ቅዳሜ እመጣለሁ። ባለቤትዎ የጠየቁኝን አንዱን ነገር፣ መምጣቱን፣ እሺ ብያለሁ።

እዚህ ድረስ ስጽፍ አንድ ቃል እንኳ አልያዘኝም። ወረቀት ላይ እንደ እርስዎ ነው የምፈስሰው። ግን ይህን ደብዳቤ ብልክልዎት ጓዳ ገብተው አንብበው፣ አጥፈው ኪስዎ ከተው፣ «ይቅርታ ጠይቃኛለች» ብለው በራስዎ አፍ ያወሩታል። አውቅዎታለሁ። ስለዚህ አልልከውም። ቅዳሜ ማኅበሩ ፊት ቆሜ እያንዳንዷን ቃል ጮክ ብዬ አነብልዎታለሁ። በያዘኝ ቦታ ሁሉ እቆማለሁ፤ በቆምኩበትም ሁሉ እርስዎ ይጠብቁኛል። ለጸሐፊው ነግሬዋለሁ፤ ማንም አይጨርስልኝም፣ ማንም አያጨበጭብም። ሹሜ ከጎኔ ይቀመጣል፤ አማቾችዎ እንዲያዩት ከፊት ረድፍ። ስጨርስ ጸሐፊው «ልክ ነው?» ብሎ ይጠይቅዎታል። ያኔ ማንም ሳይረዳዎት ይመልሳሉ።

እስከዚያው በጸሐፊው በኩል ይህችን አንዲት ነገር ብቻ ልኬብዎታለሁ፦ ምሳዎን በደንብ በልተው ይምጡ። ረጅም ከሰዓት በኋላ ነው የሚሆነው።

ከእህትዎ ሁለት ልጆች
ታላቋ